ወንዙ መቼ ይሻገራል?

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ለሥልጠና ወግዲ ሄጄ ሳለ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። ነጋሪዬ ከመካነ ሰላም የመጣ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ስለ መንገዱ አቧራ ሲያወራ ቆየና፣ ሻዩን እያማሰለ፣ "እኔ የምልሽ፣ ያ አከራይሽ ሽማግሌ ትናንት ተቀበሩ አይደል እንዴ?" አለኝ። እንዲህም አድርጎ መርዶ አለ! ጋሽ ይመር በሕይወት ቢኖሩ ይህን ሾፌር በጆሮው ጎትተው ከሻይ ቤቱ ባስወጡት ነበር። እሳቸው ዘንድ ሞት ከአቧራና ከስኳር ጋር ተደባልቆ የሚወራ ነገር አልነበረም።

ሥራቸውም ይኸው ነበር። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ጋሽ ይመር የሰፈራችን ቅሬ ለፋፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ጡሩንባቸውን ይዘው በየመንደሩ ይዞራሉ። መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ስር ይሸጉጣሉ፣ ከዚያ ይነፋሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠሩና "አፈር ልናለብሰው ነውና ውጡ!" ይላሉ። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በዚያ በመካነ ሰላም ማለዳ ያንን ድምፅ ሰምቶ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚተኛ ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ፣ እንቅልፍ የምወደው ሴትዮ፣ በማላውቀው ሰው ቀብር ላይ ስንት ጊዜ ቆሜአለሁ።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጉንጫቸው ከመንፋት ብዛት ላልቷል፤ ሐሳብ ሲገባቸው በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ ያደርጉታል። ጆሮአቸው በዚያው በጡሩንባ ምክንያት ስለደከመ የሚናገሩት ሁሉ ጩኸት ነው። "እንዴት አደርሽ መምህርት?" ሲሉኝ ጎረቤት ሁሉ እንዴት እንዳደርኩ ያውቃል። አንድ ጊዜ የቤት ኪራይ አዘግይቼ የጠየቁኝ ቀን ለሳምንት ያህል ከቤት መውጣት አፍሬ ነበር።

ስለ ሟች አይዋሹም። አንድ ባለጠጋ የእህል ነጋዴ ሲሞት ልጆቹ መጥተው፣ "ለድሃ አዛኝ፣ እጁ የተፈታ እያሉ ይጥሩልን" ብለው ለመኗቸው። ጋሽ ይመር ጉንጫቸውን ገፋ ገፋ አድርገው፣ "ስሙን አሳምሬ እጠራዋለሁ። የእጁን ነገር ያየ ሰው ካለ እሱ ይንገራችሁ" አሏቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ መንገድ ዳር ትኖር የነበረች ዘመድ የሌላት አሮጊት ስትሞት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከስሟ ቀጥለው "መንገደኛ ውሃ ሳታጠጣ ያላሳለፈች!" እያሉ እስከ ገበያው ጫፍ ድረስ ዞሩ። ውሃ ያጠጣቻቸው ሰዎች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ቀብሯ ላይ መቆሚያ ጠፋ።

እኔ ወደ መካነ ሰላም የመጣሁት የሒሳብ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው። ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ተከራየሁ። ባለቤታቸው እትየ ዘነበች ትንሽ፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ በዚያ ጩኸት ቤት ውስጥ ዝምታውን ሁሉ እሷ ወስዳዋለች። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሰይፉ። እንደ አባቱ ረጅም፣ እንደ እናቱ ዝምተኛ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ፣ ቀን ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ የሚውል ልጅ ነበር። መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል፣ ኔትወርኩም ይጠፋል፣ ወጣት ሆኖ በሰላም ውሎ መግባትም ያጠራጥራል፤ ያንን ዘመን የማያውቀው የለም። አንድ ቀን ከአንድ የወግዲ ልጅ ጋር ተነጋግሮ ወደ ደቡብ ሄደ። ኦሞ ወንዝ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ የዓሣ ሥራ አለ ተብሎ ነበር።

አንድ ጊዜ ፎቶ ላከልኝ፣ ለእናቱ እንዳሳያት። ጠባብ ታንኳ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁ የማይበቃው ዓሣ ታቅፏል። እትየ ዘነበች ስልኬን ተቀብላ ብዙ አየችውና፣ "ዓሣ ነው ወይስ ጥጃ?" አለች። ጋሽ ይመር ደግሞ ዓሣውን ትተው ውሃውን ነው ያዩት። "ታንኳው ወዴት እያሻገረው ነው? ማዶው አይታይም እኮ" አሉ።

ከዚያ በመስከረም የወግዲው ልጅ ደወለ። ሰይፉ በወባ ሞቷል። ከተማው ከእነሱ ሰፈር በታንኳ የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ ሙቀቱም ሬሳ አያሳድርም። ስለዚህ ወንዙ ከሚከፋፈልባቸው ቅርንጫፎች በሁለቱ መሐል ያለች ጉብታ ላይ ቀበሩት። ቄስ የለም፤ የወግዲው ልጅ ዲያቆን ሆኖ ያውቅ ስለነበር የሚያስታውሰውን ያህል ጸሎት አደረሰለት። ይህንን ሁሉ የነገረው ለጋሽ ይመር ራሳቸው ነው። ለአገሩ ሁሉ መርዶ ነጋሪ የሆኑትን ሰው መርዶ የሚያረዳቸው ሽማግሌ እንኳ አልተገኘም።

የቅሬው ዳኛና ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ መጡ። ድንኳን ይተከል፣ ፎቶው ይውጣ፣ ሐዘን እንቀመጥ አሉ። ሬሳ ባይኖርም ደንቡ ይኸው ነው፤ ዓረብ አገር ለሚሞቱት ልጆች ስንት ጊዜ እንዲህ ተደርጓል። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው፣ "ላንተ ይከብድሃል፣ ጡሩንባውን ሌላ ሰው ይንፋው" አሏቸው።

"ምን ብሎ ይነፋል?" አሉ ጋሽ ይመር።

"እንደ ወጉ ነዋ።"

"ወጉ 'አፈር ልናለብሰው ነውና ውጡ' ነው። የታለ የሚለብሰው? ሰዉ ወጥቶ ምኑን ሊያይ? ይዤው እስክመጣ ድረስ በዚህ ቤት ሐዘን የለም። መርሐባ፣ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ።"

የደብሩ ቄስም ሞክረው ነበር። ፍትሐት የትም ሆኖ ይደረሳል፣ እግዚአብሔር መቃብር አይጠፋበትም አሏቸው። "እግዚአብሔርማ አይጠፋበትም አባቴ፤ የሚጠፋባት እናቱ ናት" አሏቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ።

እንግዲህ አፅም ማፍለስ በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ውጭ አገር ወድቆ የቀረ ሰው አጥንቱ ተለቅሞ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ደብሩ ይመጣል፤ ጋሽ ይመርም ለእንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ነፍተዋል። ግን ለዚያ ጊዜ ያስፈልጋል። ሥጋው ማለቅ አለበት። ይህንን ቃል እናት ባለችበት ቤት ውስጥ ጮኸው ነው የተናገሩት፤ ቀስ ብለው መናገር አይችሉማ። አንድ ዓመት እንጠብቅ አሉ።

ያ ዓመት የሚረሳ አይደለም። እትየ ዘነበች ነጠላዋን ሳትዘቀዝቅ፣ ጥቁር ሳትለብስ፣ ማንም "እግዜር ያጥናሽ" ሳይላት ገበያ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሰው ሲያገኛት ምን እንደሚላት ግራ ይገባውና መንገድ ይለውጣል። የምታለቅሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ከዚያ ቤት የበላሁት ወጥ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይለኝ ነበር፤ ማንም ግን በዛ ብሎ አልተናገረም። እኔ አንድ ቀን አልቻልኩም። ጋሽ ይመር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጡሩንባቸውን በዘይት ሲወለውሉ ፊታቸው ቆምኩና፣ "ይህቺ ሴትዮ እኮ ልትፈነዳ ነው! ታልቅስ እንጂ ጋሽ ይመር!" ብዬ ጮህኩ። ለእሳቸው ለመጮህ ሰበብ አያስፈልግም።

"ታለቅሳለች" አሉኝ። "አብሽሪ መምህርት። ይዤው ስመጣ አብረን እናለቅሳለን።"

እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ጠላኋቸው። በሰው እንባ ላይ ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ምን የሚሉት ወግ ነው?

ከዚያ የጉዞው ነገር ተጀመረ። በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳለ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ይመር እየመጡ ከፊቱ ይቆማሉ። ሠዓሊው መካነ ሰላምን ረስቷታል፤ ይህን ባዩ ቀን ተናደዱና በምስማር ጭረው አንዲት ነጥብ አበጁላት። ከዚያች ነጥብ ተነስተው ደሴን፣ አዲስ አበባን፣ አርባ ምንጭን፣ ጂንካን በጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ታች ይወርዳሉ። ካርታው ጫፍ ላይ ኦሞ እንደ ዶሮ እግር ተከፋፍሎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

የጂኦግራፊ መምህራችን አብሯቸው ይቆም ነበር፤ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። "ወንዙ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ተሸክሞ የመጣውን አፈር ይጥላል። ከዚያ በራሱ አፈር መሐል መውጫ ሲፈልግ ይበታተናል። ዴልታ ይባላል" አላቸው።

"ስንት ቦታ ይበታተናል?"

"እሱ አይታወቅም። በየጊዜው መንገዱን ይለዋውጣል።"

ጋሽ ይመር ጣታቸውን ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው አመላለሱ። "ታዲያ ሰይፉ በየትኛው በኩል ነው?" አሉ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ያዙት። ሰው ልጅህ የት ነው ሲላቸው "ዴልታ ነው" ይላሉ፣ ወረዳ የሚጠሩ ያህል።

ታንኳ ተሳፍረው አያውቁም። ውሃ ላይ የሚያውቁት ዓባይን ነው፤ በወጣትነታቸው ከብት እየነዱ ወደ ጎጃም ተሻግረዋል። አርባ ምንጭ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ወታደር ስለ ጀልባ ሲያስረዷቸው ብዙ ካደመጡ በኋላ፣ "እሺ፣ ልጓሙ የት ጋ ነው? ሲያሰኘኝ የማቆመው በምኑ ነው?" ብለው ጠየቁ። ሳቅን። ከዚያ በቀር በዚያ ዓመት በዚያ ግቢ ውስጥ የተሳቀበትን ቀን አላስታውስም። እሳቸው ግን ለቀልድ አልነበረም፤ በማግሥቱ ገበያ ወጥተው ረጅም ጠንካራ ገመድ ገዙ። ለአናጢ ነግረው ትንሽ ሳጥን አሠሩ። እትየ ዘነበች ነጭ አቡጀዲውን አጥባ፣ አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ሳጥኑ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።

መቼ ይሄዱ የሚለው ላይ ማንም አልተከራከረም። በእኛ አገር ወንዝ የሚሄዱበት ነገር አይደለም፤ የሚያቋርጡት ነው። ክረምት ይሞላል፣ መንገድ ይቆርጣል፣ ሰው ይወስዳል። በጋ ይጎድላል፣ ሰውም ሱሪውን ሰብስቦ ያልፋል። ጡረተኛው ወታደርም፣ የቅሬው ዳኛም፣ እኔም ያው ነን። "ነሐሴ ላይ ወንዝ ልግባ ያለ ሰው ጡሩንባ ሊነፋለት ነው" ይሉ ነበር ጋሽ ይመር። ያም ሆኖ ጠንቃቃ ናቸውና አገሬውን ካልጠየቅኩ አሉ። የወግዲው ልጅ ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ ግን ሰይፉን አብሮት የቀበረውን ሎኮሮ የሚባለውን ባለታንኳ ስልክ ሰጥቶን ነበር። ኔትወርክ የተገኘ ቀን ደወልኩላቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት።

ሎኮሮ የዚያው የወንዙ አፍ ሰው ነው። አማርኛው ገበያ ላይ የለቀመው ነው፤ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሁሉም ሰው አንተ ነው። ሰይፉን ሲያነሳ ግን ድምፁ ይለሰልሳል። "ሰይፉ ጥሩ። ሰይፉ ወንድም" አለ።

ጋሽ ይመር ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ጮኹ። "ወንዙ መቼ ይሻገራል?"

"መሻገር?"

"አዎ! መቼ ይሻገራል?"

"ጥር። የካቲት። ያን ጊዜ በእግር ይሻገራል።"

"በእግር!" አሉ ጋሽ ይመር ወደ እኛ ዞረው። ፊታቸው በራ። እትየ ዘነበች ከወጥ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ "በእግር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዓመቱ ሞልቶ፣ ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ሳጥናቸውን ታቅፈው፣ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከመናኸሪያ ሸኘናቸው። የሰፈሩ ሙስሊምም ክርስቲያንም ተሰብስቦ ዱአ አድርጎላቸው ነበር። ሾፌሩ ሳጥኑን ጣራ ላይ እንጫነው ቢላቸው፣ "ጣራ ላይ የሚጫን ዕቃ አይደለም" ብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

የሆነውን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ተመልሰው። የካቲት ሳያልቅ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ጠቁሯል፣ እግራቸው ተልጧል። ሳጥኑን አልያዙም። እትየ ዘነበች ከኋላዬ መጣች፤ መጀመሪያ ያየችው እጃቸውን ነው። ውሃ አሙቃ እግራቸውን ልታጥብ ቁጭ አለች፣ እሳቸውም ጀመሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ሎኮሮ በታንኳው ወስዷቸዋል። ወንዙ መጀመሪያ ሰፊ ነው፤ ከዚያ ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሸምበቆ ነው። ሙቀቱ ጆሮ ውስጥ ይገባል። በየቅርንጫፉ ሲገቡ ውሃው እየሳሳ ሄደ፤ የታንኳው ሆድ ጭቃውን መፋቅ ጀመረ። ሎኮሮ ወርዶ ገፋ፣ እሳቸውም በእንጨት ገፉ። በመጨረሻ ታንኳው ጭቃው ላይ ቁጭ አለና አልነቃነቅም አለ። ሎኮሮ በእጁ እያመለከተ "ያ ነው" አላቸው። ጉብታዋ ትታያለች። ዛፍ አለባት። ዛፉ ስር ከመቅዘፊያ እንጨት የተሠራ መስቀል ቆሟል። "ከዚህ እስከ ገብርኤል ቅጥር ቢሆን ነው" አሉን። ገብርኤል ከግቢያችን በር ላይ ሆኖ ይታያል።

ሳጥኑን ይዘው ወረዱ። ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ቀጥሎ እስከ ወገብ ዋጣቸው። ሎኮሮ ያንን ገመድ ወርውሮ ነው ያወጣቸው። በሌላ ቅርንጫፍ ሞከሩ፣ እዚያም ጭቃ። አገሬው ከወዲያ ወዲህ በእግሩ የሚሻገረው ከላይ በኩል፣ ወንዙ ሳይበታተን ነው፤ እውነትም ከጉልበት አያልፍም። ወደ ታች፣ ወደ ሰይፉ ግን የሚሄደው ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የለም። ወንዙ ዳር ሰንብተው መስቀሏን ሲያዩ ዋሉ፤ ወባው የያዛቸውም ያኔ መሆን አለበት።

"በመጨረሻ ተቆጣሁት" አሉ። "'አንተ አይደለህም ወይ በጥር ና ያልከኝ?' አልኩት።"

"ምን አለዎት?" አልኩ።

"'አንተ መሻገር አልክ። መሻገር በጥር ነው። ሰይፉ ጋ መሄድ ግን ነሐሴ ነው፣ ደጋው ሲዘንብ፣ ውሃ ሲሞላ። ለምን መሄድ አላልክም?' አለኝ።"

ጉንጫቸውን በአውራ ጣታቸው ገፉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መምህርት። አንዲት ቃል መምረጥ አቃተኝ" አሉ። ከዚያ የእትየ ዘነበችን ራስ በእጃቸው ነኩ። እሷ ቀና አላለችም፤ እግራቸውን ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ወጥቼ ክፍሌ ገባሁና አለቀስኩ። በእነሱ ፋንታ አለቀስኩ ብል ይሻላል።

ሳጥኑን ሎኮሮ ዘንድ አደራ ትተውት ነበር የመጡት። ነሐሴ ላይ ሊመለሱ ነው። ነገሩ በከተማው ሲሰማ ሰው አበዱ አለ። ነሐሴ? የእኛ መንገድ በጭቃ በሚቆረጥበት፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ሰው ከደጁ በማይወጣበት? ጋሽ ይመር ለሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው፦ "ያ ወንዝ አይሻገሩትም፤ ይሄዱበታል።" ዳኛው "ተወው ይበቃሃል፣ ልጁም መሬት ውስጥ ነው፣ መስቀልም አለው" ቢሏቸው፣ "አይቼዋለሁ እኮ! ካላየሁት ይሻል ነበር" አሉ።

ትኩሳቱ የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ይተዋቸዋል፣ ይመለሳል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው፣ "የቆላ ሙቀት ለምዶ የመጣ ሰው የደጋ ብርድ ሲያገኘው እንዲህ ነው፤ ይለቀኛል" ይላሉ። በደጋ ሰው ዘንድ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ ብርድ ነው። ጎረቤቱ ነጭ ሽንኩርት ያመጣል፣ ዳማከሴ ያመጣል፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል። አንድ ቀን ሲሻላቸው ግድግዳው ካርታ ጋ ሄደው ቆመው አገኘኋቸው፤ ጣታቸው ከመካነ ሰላም ነጥብ ላይ ነበር፣ ግን ወደ ታች አልወረዱም። እኔ ወግዲ ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ። "ሄደሽ ነይ፣ አብሽሪ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ከክፍሉ አልወጣም። ሐኪም ቤት የወሰዷቸው ራሳቸውን ከሳቱ በኋላ ነው፤ ያኔ ረፍዷል።

ሾፌሩ ሻይ ቤት ውስጥ በነገረኝ ማግሥት መካነ ሰላም ገባሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዉ ከዳር እስከ ዳር ተቀምጧል። ድንኳኑ መሐል ሁለት ፎቶ ቆሟል፤ አንዱ ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሌላው ሰይፉ ያንን ዓሣ ታቅፎ። የሆነውን ጎረቤቶች ነገሩኝ። ጋሽ ይመር የሞቱ ማለዳ ዳኛው ጡሩንባውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ሊልኩት ሲሉ፣ እትየ ዘነበች ከቤት ወጥታ ከበሩ ላይ ያዘችው። ያቺ ድምፅ የሌላት ሴትዮ፣ "ሁለት ስም ጥራ!" ብላ ጮኸችበት። "ይመርንም ሰይፉንም ጥራ! አንዱን ብቻ ጠርተህ ከዚህ ግቢ አትወጣም!" ሰውየው ዳኛውን አየ፣ ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ስም እየጠራ ከተማውን ዞረ። እሷም ያኔ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ ከዓመት በላይ የዘጋችውን ከፈተችው። ለባሏ ይሁን ለልጇ፣ ስሞቹን እያቀያየረች ስለምትጠራ ማንም መለየት አልቻለም አሉኝ።

እኔም ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በባሏ መቀየም የነበረባት ሴት፣ "ሊወስደኝ ነበር እኮ። ነሐሴ አብረን ነው የምንሄደው ብሎኝ ነበር" አለችኝ።

ክረምቱ ገባ። ግቢው ጭር አለ። የጡሩንባው ነገር አዲሱ ሰው ጋ ሆነ፤ ይነፋል፣ ስም ይጠራል፣ ባርኔጣውን ግን አያወልቅም። ፍልሰታ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እያለ ስልኬ ጮኸ። እትየ ዘነበች ወጥ ቤት ነበረች። አነሳሁት፤ ሎኮሮ ነው። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

"መምህርት! ውሃ መጣ! ብዙ ውሃ! ትናንት ሰይፉ ጋ ሄድኩ፣ ታንኳ ጥሩ ሄደ። መሬቱ ደረቅ። መስቀል አለ። ሳጥን እኔ ጋ አለ። አሁን ጥሩ ነው፣ ሽማግሌ ይምጣ!"

እንደ ወጉ፣ አገሬ እንደሚለው፣ "ሎኮሮ፣ ጋሽ ይመር... ጋሽ ይመር አርፈዋል" አልኩት።

ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

"ጥሩ" አለኝ። "ሽማግሌ ነው፣ ደክሟል፣ ይረፍ። ሲነሳ ይምጣ። እኔ እጠብቃለሁ።"